ወሳኝ ዘመቻ ምን ይወስናል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ እራት ልበላ ስገባ፣ ከአዳራሹ ጥግ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አራት ጓደኞቼ ጦርነት ሲያካሂዱ ደረስሁባቸው። የጨው ዕቃው ቡሬ ነበር፤ የውሃው ብርጭቆ ፍኖተ ሰላም፤ የተገለበጠው የወጥ ሳሕን ደብረ ማርቆስ፤ ከባሕር ዳር የሚወርደው አውራ ጎዳና ደግሞ ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠሙ ሦስት ማንኪያዎች ነበሩ። አንደኛው የዳቦ ፍርፋሪ እየገፋ «ከዚህ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ይከባሉ፤ በሦስት ሳምንት ያልቃል» ይላል። ሌላው «የለም፤ እነዚያ ከወዲያ ይመጡና ይህን ይዘጋሉ፤ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው» ይላል። ማን ማንን እንደሚደግፍ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ወገን ደጋፊ ነበረው። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ይኸውም አንድ ወሳኝ ዘመቻ እንደ ቀረና እሱ ከተደረገ ነገሩ እንደሚያከትም ነው። እኔ የተናገርሁት ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ማንኩሳን ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ ኮሶበር አቅጣጫ አድርገዋት ነበርና «ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ናት» አልኋቸው። ፍርፋሪዋን አንሥተው በቦታዋ አኖሯትና ጦርነቱ ቀጠለ።

ከዚያች ፍርፋሪ አጠገብ ያለ ቀበሌ የተወለድሁ በመሆኔ ነገሩ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። በዚህ ምክንያት ነው ብዕር ያነሣሁት። ጓደኞቼን ልወቅስ አይደለም፤ ለመውቀስም መብት የለኝም። በኅዳር 2013 የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ገባ ሲባል፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ወጥተው እየዘፈኑ አስፋልቱን ከሞሉት ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። «አለቀ» ብዬም ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ማረሻውን እያሰሩ ነበርና ቀና ብለው አይተውኝ «ማን ነው ያለቀው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እስቲ ያንን «አለቀ» ያልነውን በቀኑ እንቁጠረው። ኅዳር 19 ቀን 2013 መቀሌ ተያዘች፤ የዘመቻውም ዋና ምዕራፍ መጠናቀቁ ከበላይ ተነገረ። ሰኔ 21 ቀን 2013፣ ከሰባት ወር በኋላ ማለት ነው፣ ያው ከተማ እንደገና በትግራይ ኀይሎች እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ ቆሞ እንደገና ተነሥቶ፣ በመጨረሻ የተቋጨው ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ በተፈረመ ወረቀት ነው። ጦሩ ባይገፋ ኖሮ ወረቀቱ አይፈረምም ነበር የሚል ይኖራል፤ ይህን ሙሉ በሙሉ አልክድም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሐሳብ፣ ማለትም ተኩስ ይቁም፣ እርዳታ ይግባ፣ መብራትና ስልክ ይቀጠል፣ ትጥቅ ይፈታ የሚለው፣ ለመታሰብ ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ሐሳብ ነበርን? በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሞተውን ሰው ቁጥር በትክክል የሚነግረን እስካሁን አልተገኘም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን «የመጨረሻ» የተባለ ዘመቻ አገራችን አጥታ አታውቅም። በ1974 ደርግ በኤርትራ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የዚህ ዓይነት ዋና ምሳሌ ነው። ርእሰ ብሔሩ ራሱ አሥመራ ወርዶ፣ ጋዜጠኛው፣ ካድሬው፣ የእርሻና የፋብሪካ ባለሙያው ሁሉ አብሮ ተጉዞ፣ ውጊያው ገና ሳይጀመር የድሉ በዓል የሚከበር እስኪመስል ድረስ ተዘጋጅቶ ነበር። በዓሉ ግርማ አብሮ ሄዶ ያየውን «ኦሮማይ» ብሎ ጻፈው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 እንደ ወጣ ቀረ። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በመጋቢት 1980 የናደው ዕዝ አፍአበት ላይ ተሰበረ፤ በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሌላ ታላቅ ሽንፈት ደረሰ፤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ደግሞ ጄኔራሎቹ ራሳቸው መንግሥቱን ለመገልበጥ ተነሡ። ያን ሁሉ ዘመቻ የመሩ ሰዎች በጦር ኀይል ብቻ የትም እንደማይደረስ የተገነዘቡት፣ ለገጠሩ ልጅ ግን በጣም ከረፈደ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ያ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወዳጄ በ1983 እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ማታውንም መጥቶብኛል። «ዘመቻ ቴዎድሮስስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ብሎ የሰየመውን ማጥቃት የከፈተው የካቲት 16 ቀን 1983 ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎንደርም ጎጃምም ከደርግ እጅ ወጡ። በግንቦት 13 መንግሥቱ ኀይለ ማርያም አገር ጥሎ ሄደ፤ በግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች። ወሳኝ የሚባል ዘመቻ ካለ ይህ ነው፤ ያለፈበትም መንገድ ይኸው በማንኪያ የተሠራው የእኛ መንገድ ነው። እንዴት በሦስት ወር ይህ ሁሉ ሆነ? የጦር ጥበብ ነው የሚሉ አሉ፤ የሶቪየት እርዳታ መቋረጡ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ የአጎቴን ወሬ አምናለሁ።

አጎቴ በደርግ ዘመን የኮታ እህል ገፈት ቀማሽ ነበሩ። ጎጃም የበቆሎና የጤፍ አገር ስለሆነ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ የሚገባው እህል በየገበሬ ማኅበሩ ይመደብ ነበር። አንድ ዓመት በረዶ መታና የአጎቴ ማሳ አልሞላ አለ፤ ኮታው ግን አልቀነሰም። እሳቸውም በሬ ሸጠው፣ ከቡሬ ገበያ በውድ ዋጋ እህል ገዝተው፣ በርካሽ ዋጋ ለመንግሥት አስረከቡ። «ያን ቀን» ይሉ ነበር፣ «በሬዬን ነድቼ ስሄድ ደርግ ወደቀ። ወያኔ የመጣው ሬሳውን ሊያነሣ ነው።» በዚህ ላይ ልጆቹ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እየታፈሱ ለጦር ይወሰዱ ነበር፤ ሰዉም ከማሳው ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ይገደድ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ኮታውን ሲያነሣ ገበሬው ምስጋና አላቀረበም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የአምራቾች ማኅበሩን አፍርሶ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ነው። እንግዲህ ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ የመጣው ጦር ያጋጠመው ገጠር የሚዋጋለት የሌለውን መንግሥት ነው። ዘመቻው የወሰነው ነገር በአብዛኛው ቀድሞ የተወሰነ ነበር። ናቅፋ ላይ ያልተሳካው፣ ቡሬ ላይ የተሳካው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ያው መንገድ በ1933 ያየውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ከገቡ በኋላ የእንግሊዙ ዊንጌት የጌዴዎን ጦር የተባለውን አነስተኛ ሠራዊት ይዞ ወደ ቡሬ ወረደ። በቡሬና በማንኩሳ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። ዊንጌት ሌሊት እየተኮሰ፣ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ፣ ብዙ ሠራዊት የከበባቸው አስመሰለ፤ ኮሎኔል ናታሌም በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ በፍኖተ ሰላም መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ይህ በጦር ትምህርት ቤት የሚነገር ብልሃት ነው። ነገር ግን ጣልያኑ ያንን ወሬ ሰምቶ ለምን አመነ? አምስት ዓመት ሙሉ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ በላይ ዘለቀ ገጠሩን ስለ ነሡት፣ ከምሽጉ ውጭ ያለው ዛፍ ሁሉ ሰው መስሎት ነው። ዘመቻው የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ እንጂ መጽሐፉን አልጻፈም። የድሉም ማግሥት ቢሆን ሰላም ብቻ አልነበረም፤ በጎጃም በግብር ምክንያት አመፅ ተነሣ፤ በላይ ዘለቀም በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የጎጃም ሰው ያንን ስቅላት እስከ ዛሬ እንደ ትናንት ያወራዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምፈልገው የ1960ውን ነገር እንድናስታውስ ነው፤ ምክንያቱም በብዙዎቻችን ዘንድ ተረስቷል። በዚያ ዓመት መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ ሕግ አልነበረም፤ ብዙ የሚያመርት ብዙ ይክፈል የሚል ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ርስተኛ ነበር፤ መሬቱም ተቀላድ ስላልተጣለበት፣ ምርት ገማች መጣ ሲባል «ከግምቱ ኋላ ገመድ ይመጣል፤ ከገመዱ ኋላ ርስቴ ይሄዳል» ብሎ ፈራ። በዚህ ላይ ከሸዋ ተልከው የሚገዙት እንደ ራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ ነበሩ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገበሬው ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ፤ ገማቾቹንና አጃቢዎቹን አላስገባም አለ። ማመልከቻም ጽፎ፣ ሽማግሌም ልኮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ጦር ተላከ። አውሮፕላንም ተላከና መንደር ተደበደበ። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ የናይጄሪያንና የቢያፍራን ተዋጊዎች አዲስ አበባ ላይ ሰብስበው ለማስታረቅ ይደክሙ ነበር። የሌላውን አገር ጦርነት ለማብረድ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከአባይ ማዶ ለራስ ገበሬ የተላከው ቦምብ ነው።

ታዲያ አመፁ እንዴት ቆመ? በቦምቡ አይደለም። የጦሩ ዘመቻ ገበሬውን ወደ ጫካ ከመግፋት በቀር ግብሩን አንድ ብር አላስከፈለም። ነገሩ የበረደው ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ሲተኩ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ሲማር ነው። አዲሱም ግብር በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ የሹመት ደብዳቤና አንድ የምሕረት ቃል ነበር፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ ጠረጴዛ ላይ ሊጻፉ ይችሉ ነበር። በመካከል የሞተው ሰው ለምን እንደ ሞተ የሚያስረዳ አላየሁም።

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን የነበሩት ታላላቆቻችን፣ የዚህ ዓይነት መጽሔት በማባዣ ማሽን ሲያትሙ እጃቸው በቀለም ይጠቁር የነበሩት ተማሪዎች፣ ከ1957 ጀምሮ «መሬት ላራሹ» ብለው ለገበሬው ሲጮኹ ኖረዋል። ጩኸቱ ለደቡቡ ጭሰኛ ትክክል ነበር። ለጎጃሙ ርስተኛ ግን መሬት ላራሹ ማለት ምን ማለት ነው? እሱ አራሽም ባለመሬትም ነበር፤ የፈራውም መሬቱ ተለክቶ እንዳይሄድ ነው። ይህን የማነሣው ታላላቆቻችንን ለማሳነስ አይደለም። ተማሪ ገበሬውን ከመውደዱ የተነሣ ሳይጠይቀው የሚናገርለት መሆኑ የቆየ ልማድ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። እነሆ ዛሬም በጨው ዕቃና በብርጭቆ እንናገርለታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ። የ2015 ክረምት እንዴት እንደ ገባ እናውቃለን። በመጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኀይሎች ይፍረሱ ተባለና በክልሉ ከተሞች ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በወለጋ የአማራ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል ቁስሉ አልዳነም ነበር፤ ወልቃይትን የሚመለከተው ጥያቄም እንደ ተንጠለጠለ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ማዳበሪያ ጠፋ። በከተማ የሚኖር ሰው ይህን የመጨረሻውን ትንሽ ነገር ይመስለዋል። በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማ በቆሎ የሚዘራ ሰው ግን ማዳበሪያ በሰኔ ካልደረሰው ዓመቱን ሙሉ እንደማይበላ ያውቃል። ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ ሰልፍ ወጣ። በ1960 ግብር የነበረው ቦታ ላይ በ2015 ማዳበሪያ ቆመ ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ለስድስት ወር ይበቃል የተባለው ዐዋጅ ሌላ አራት ወር ተጨምሮበት ወደ አሥር ወር ሄደ፤ ዐዋጁ ጊዜው ሲያልፍ ጦርነቱ አላለፈም ነበር። ዐዋጁ በታወጀ በሳምንቱ ስድስት ከተሞች ከፋኖ ነፃ ወጡ ተባለ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት። ነሐሴ 7 ቀን ደግሞ፣ እሑድ ነበር፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ መካከል ከአየር የተጣለ መሣሪያ ሕዝብ ላይ ወደቀ። አንድ የሆስፒታል ኀላፊ ለዜና ሰዎች እንደ ተናገሩት ቢያንስ 26 ሰው ሞተ፤ ከ50 በላይ ቆሰለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በማግሥቱ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን መኖሪያ ሰፈሮች ላይ በደረሰ ድብደባ ሰላማዊ ሰዎች እንደ ተጎዱ አስታወቀ። የከተማይቱ ስም ትርጉም የሰላም መንገድ መሆኑን ሁሉም ስላለው እኔ አልደግመውም። እኔ የማስበው ስለ እሑዱ ነው። ፍኖተ ሰላምን የሚያውቅ ሰው እሑድ ጧት ከቅዳሴ መልስ ሰዉ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ሰላምታ እንደሚለዋወጥ ያውቃል፤ ነጠላ የለበሰውንና መሣሪያ የያዘውን ከሰማይ ሆኖ መለየት ለማሽን ቀላል አይደለም። ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ፣ ጥር 20 ቀን 2016፣ በመርዓዊ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት ጦር መገደላቸውን ኮሚሽኑ ገለጠ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት አንዱ «እንግዲያው አንተም ከእነዚያ ወገን ነህ፤ ገጠሩ ፊቱን ካዞረ እነሱ ያሸንፋሉ ማለትህ ነው» አለኝ። አይደለም። ከመጠጥ ውሃዬ ላይ ቆሞ የሚዋጋ ሰው ስሙ ምንም ቢሆን ውሃዬን ያደፈርስብኛል። ትምህርት ቤት እንዳይከፈት የሚያዝዝ፣ መምህሩን የሚያስፈራራ፣ ሰው አግቶ ቤተሰቡን ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ለመንግሥት ሠራህ ብሎ የቀበሌ ጸሓፊውን የሚገድል፣ ይህ ሁሉ በሰብአዊ መብት ሪፖርቶች ሰፍሮ የምናነበው ነው፤ እኛም ከዘመዶቻችን የምንሰማው ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ በአንድ ቀን ለሁለት ወገን የከፈለ የሹፌር ረዳት አውቃለሁ። የገበሬው ልብ ከአንዱ ወጣ ማለት ወደ ሌላው ገባ ማለት አይደለም፤ ልቡን በቤቱ ዘግቶ የሚቀመጥበትም ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ አገር ላይ «ወሳኝ» ዘመቻ ቢደረግ፣ ከተማውን ማን እንደሚያድርበት ይወስን ይሆናል። ሌሊት በመንገዱ ማን እንደሚሄድ ግን አይወስንም።

ወሳኝ ዘመቻ በዓለም ላይ የለም አልልም። ስሪላንካ በግንቦት 2001 የታሚል ነብሮቹን በአንዲት የባሕር ዳር ጠባብ መሬት ላይ አጥብቃ ጨረሰቻቸው፤ ጦርነቱም በእርግጥ አበቃ። የተባበሩት መንግሥታት የመረጠው የባለሙያዎች ቡድን በዚያ መጨረሻ ላይ የሞተው ሰላማዊ ሰው እስከ 40,000 ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። ናይጄሪያም በጥር 1962 ቢያፍራን አስገብራለች፤ ከዚያ በፊት ግን ዓለም ሁሉ የተራቡ ሕፃናት ሥዕል ለወራት ሲያይ ከርሟል። ዋጋው ይህ ነው። «ይህን ዋጋ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ልክፈል» የሚል ካለ፣ የሚከፈለው የማን ልጅ እንደ ሆነ አብሮ ይናገር። ከጠረጴዛችን ላይ ከነበሩት አራቱ መካከል ሦስቱ ቤተሰባቸው እዚያ የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኛ ጄኔራሎችም አስታራቂ ሽማግሎችም አይደለንም። ነገር ግን ጥቂት ነገር መጠየቅ እንችላለን፤ ለሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የማንም ጦር ሰፈር እንዳይሆን፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የጫነ መኪና በማንም ኬላ እንዳይታገት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በሚሰጥበት ሳምንት መንገዱ ሁሉ ጸጥ እንዲል። ይህ ፖለቲካ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እኔ ደግሞ በ1960 የጎጃም ገበሬ ከዚህ የበለጠ ነገር አልጠየቀም እላለሁ። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ከእነዚህ ልጆች አንዱም ነገ ከዚህ አዳራሽ እራት ሊበላ አይመጣም። ከዚያ በላይ ያለው፣ ማለትም ስለ ትጥቅ፣ ስለ ወልቃይት፣ ስለ ታሰሩት፣ በክልሉ ውጭ ስለሚኖረው ሕዝብ ደኅንነት፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚደረገው ንግግር ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። የሚነጋገሩት ሰዎችም እርስ በርስ የሚጠላሉ ይሆናሉ። ፕሪቶሪያ ላይ የተቀመጡትም አይዋደዱም ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ «አንተ ድል ጠላህ» ብሎኛል። በ2013 መንገድ ላይ ወጥቼ የጮኽሁት እኔ ድልን እንዴት እጠላለሁ? ከዚያ ጩኸት በኋላ ከክፍላችን ስንት ልጅ ለዘመቻ እንደ ተመዘገበና ስንት እንደ ተመለሰ ስለ ቆጠርሁ ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ወላጆቻቸው ያነቡት ይሆናል።

እናቴ ስልክ ኔትወርክ ባገኘች ቀን ከኮረብታው ላይ ወጥታ ትደውልልኛለች። ባለፈው ጊዜ የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ ምግብ እንደ በላሁ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ዘንድሮ ማዳበሪያ በኩንታል ስንት እንደሚሆን ሬዲዮ ተናግሮ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ስለ ታናሽ እኅቴ ተናገረች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ሳለች ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከአልጋዋ ራስጌ እንደ ሰቀለችውና፣ እሁድ እሁድ እያወረደች አቧራውን እንደምትጠርግ ነገረችኝ። «መቼ እንደሚከፈት እዚያ እናንተ ዘንድ ይታወቃል?» አለች። እናቴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ሁሉም ነገር የሚታወቅበት ቦታ ይመስላታል።